የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ከአመዳይ እስከ ስልክ ስክሪን

ከደብረ ብርሃን፣ የባጃጅ ሹፌር፦ «በብርዱ ወራት ጠዋት ስነሳ የባጃጄን የፊት መስታወት አመዳይ ይዞት አገኘዋለሁ። ለምንድን ነው እንደ ቀለም ለጥ ብሎ ከመተኛት የላባ ቅርፅ የሚሰራው?»

ወንድማችን ጥሩ አይቷል። መስታወቱ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ አየር ላይ ያለው እንፋሎት ውሃ ሳይሆን በቀጥታ በረዶ ይሆናል። ግን ያገኘው ቦታ ሁሉ ላይ አይጀምርም። ጭረት ወይም አቧራ ያለበትን ይመርጣል። እዚያ ጥቂት ሞለኪውሎች ይያያዛሉ። ቀጥሎ የሚመጣው እንፋሎት ደግሞ ወጣ ያለውን ጫፍ ቀድሞ ያገኛል። ጫፉ ይረዝማል፣ ቅርንጫፍ ያወጣል። ነገ ጠዋት ከመፋቅህ በፊት ጠጋ ብለህ እይ፤ ብዙ ላባ ከአንድ ጭረት ላይ ተሰልፎ ሲነሳ ታያለህ።

ከመሐል ሜዳ፣ የፊዚክስ መምህር፦ «የስልክ ስክሪንም እንዲህ ነው የሚሰራው?»

መንገዱ ይመሳሰላል። ለኦሌድ ስክሪን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ሲያልፍባቸው ራሳቸው የሚያበሩ ስስ ሽፋኖች ላሉት ስክሪን፣ አየሩ ተመጥጦ በወጣበት ክፍል ውስጥ የሽፋኑ ዱቄት ይሞቃል፣ ይተናል፣ ሄዶ መስታወት ላይ ያርፋል። የኮዳክ ተመራማሪዎቹ ቺንግ ታንግና ስቲቨን ቫን ስላይክ በ1987 (እ.ኤ.አ.) ያሳዩት የኦሌድ መብራት ከካርቦን ውህዶች የተሠሩት ሁለቱ ሽፋኖቹ ተደምረው 135 ናኖሜትር ገደማ ነበሩ። አንድ ሚሊሜትር ሚሊዮን ናኖሜትር ነው!

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ሞለኪውሎቹ የሚያርፉበት ነገር ጉልበት ነው። ለምሳሌ እንዲሁ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን የሚሠራበትን ፔንታሲን የሚባል ሞለኪውል ውሰዱ። አምስት የካርቦን ቀለበት የተቀጠለበት ረዥም ሞለኪውል ነው። መስታወት በሚመስለው የሲሊከን ኦክሳይድ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ንጹህ መዳብ ላይ ግን ብረቱ አጥብቆ ስለሚስበው ይጋደማል። ሽፋኑ እየወፈረ ሲሄድ ደግሞ አደራደሩን ይለውጣል። መጀመሪያ የንብርብሮቹ ርቀት 1.54 ናኖሜትር ነው፤ በኋላ 1.44 ገደማ የሆነ ሌላ አደራደር ይቀላቀልበታል። ሙቀትም ወሳኝ ነው። የሚያርፉበት ገጽ ከቀዘቀዘ ሞለኪውሎቹ ባሉበት ይደርቃሉ። ሞቅ ካለ ተንቀሳቅሰው ቦታቸውን ይይዛሉ፣ ክሪስታሉም ይተልቃል። ኤሌክትሪክ በሽፋኑ ውስጥ ምን ያህል እንደልብ እንደሚያልፍ የሚወስነው ይኸው አደራደር ነው። ለተማሪዎችዎ ይህን ይንገሩልኝ።

ከሸዋ ሮቢት፣ አንዲት እናት፦ «መኪና ውስጥ የረሳሁት መነጽሬ ቀጫጭን ስንጥቅ አወጣ። ይጸዳል?»

አይጸዳም፣ እናቴ። የተሰነጠቀው ነጸብራቅ የሚከላከለው ሽፋን ይመስለኛል። የፕላስቲክ ሌንስ ሲሞቅ ከሽፋኑ ይበልጥ ይለጠጣል። ሽፋኑ አብሮ መሄድ ያቅተውና ይሰነጠቃል። ያለው መፍትሔ ሌንሱን መቀየር ነው። አዲሱን ዳሽቦርድ ላይ አይተዉት፣ በሙቅ ውሃም አይጠቡት።