ውሃ ዳሩን ለማን እንስጥ? የሚሠራ ወደብ ለከተማ ምን ያተርፋል

(ምስል፦ ጠዋት፣ አዌቱ ድልድይ ላይ። ቡና የጫነ አይሱዙ ያልፋል።)

ሰላም የጅማ ልጆች፣ ሰላም ከሌላም ከተማ የምታዩን። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ወደብ ነው። ጅማ ላይ ቆሞ ስለ ወደብ ማውራት ግራ ሊያጋባ ይችላል። አዌቱ ላይ መርከብ አይሄድም። ግን ቡናችን ባሕር ካልተሻገረ ዶላር አይሆንም፤ ከዚህ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳል፣ ከዚያ ጅቡቲ፣ ከዚያ መርከብ። ስለዚህ የሌላው አገር ወደብ ጉዳይ የኛም ጉዳይ ነው። ከወደቦቹ ታሪክ ደግሞ ለጅማ የሚሆን ነገር አለ፤ እሱን መጨረሻ ላይ እናገኘዋለን።

(ምስል፦ የዓሣ ጀልባዎች፣ ክሬን፣ መጋዘን።)

የሚሠራ ውሃ ዳር ስል መዝናኛውን አይደለም። መርከብ የሚያራግፍበትን፣ ጀልባ የሚጠገንበትን፣ ዓሣ የሚመዘንበትን፣ ሲሚንቶና አሸዋ የሚወርድበትን ነው። አያምርም። ይሸታል፣ ይጮኻል፣ ሌሊቱን ሙሉ መብራት ይበራበታል። እና ሁልጊዜ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይሄን የመሰለ እይታ ያለው ቦታ ለምን ለዓሣ ሣጥን ይሆናል? አፓርታማ ቢሠራበት፣ ሆቴል ቢሠራበት ካሬው ስንት ያወጣ ነበር!

እውነት ነው፣ ካሬው ብዙ እጥፍ ያወጣል። ችግሩም እዚህ ጋ ነው የሚጀምረው። አፓርታማ ከወንዙ ማዶም፣ ኮረብታው ላይም ይሠራል። መርከብ ግን ኮረብታ ላይ አይቆምም። ጥልቅ ውሃ፣ መትከያ (መርከብና ጀልባ ተጠግቶ የሚያራግፍበት መድረክ) እና መንገድ አንድ ላይ የተገናኙበት ቦታ በአንድ ከተማ ውስጥ ትንሽ ነው። አንዴ ፎቅ ከተሠራበት ማንም አፍርሶ ወደብ አያደርገውም።

(ምስል፦ የፖርትላንድ ከተማ፣ ሜይን ግዛት፣ አሜሪካ።)

ፖርትላንድ የምትባል ከተማ አለች፣ ሜይን ግዛት ውስጥ። ዓሣና ሎብስተር የሚወጣባት ወደብ ናት። በ1980ዎቹ (በዚህ ቪዲዮ የማነሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) አንዱ መትከያ ላይ ኮንዶሚኒየም ተሠራ። የገቡት ሰዎች ብዙ ከፍለው ነው የገቡት። ከዚያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት የጀልባ ሞተር ሲነሳ፣ የዓሣ ማጥመጃው ሽታ በመስኮት ሲገባ ማማረር ጀመሩ። ማን ይፈረድበታል? እነሱ ቤት ነው የገዙት። ዓሣ አጥማጁ ደግሞ ድሮም እዚያው ነበር። አንድ መትከያ ላይ ሁለቱ አብረው መኖር አልቻሉም።

በ1987 ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ። ውሃ ዳሩ ላይ ከባሕር ሥራ ጋር ያልተያያዘ አዲስ ግንባታ ለ5 ዓመት ይቁም ተባለ፣ ሐሳቡም በሰፊ ልዩነት አለፈ። እኔን የሚገርመኝ ድምፅ የሰጠው አብዛኛው ሰው ዓሣ አጥማጅ አለመሆኑ ነው። ምን ነበር የገባቸው?

የገባቸው ይመስለኛል ሰንሰለቱ ነው። አንድ ጀልባ ብቻውን አይሠራም። በረዶ የሚሸጥለት አለ፣ ናፍጣ የሚሞላለት፣ መረብ የሚጠግንለት፣ የሞተር መካኒክ፣ ብየዳ የሚበይድለት፣ ዓሣውን የሚረከበው ነጋዴ፣ የሚጭነው ሹፌር። በረዶ ቤቱ ቦታው ተሸጦበት ሲዘጋ ጀልባው በማግስቱ አይቆምም። ግን ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ በረዶ መግዛት ይጀምራል፣ እዚያው ዓሣውን ማራገፍ ይቀለዋል፣ ቀስ ብሎ መካኒኩም ደንበኛ ያጣል። ከተማዋ የሸጠችው አንድ በረዶ ቤት ነው፣ ያጣችው ግን ሙሉ ሙያ ነው። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ያለው ሥራ ደግሞ አብዛኛው ዲግሪ የማይጠይቅ፣ በእጅ የሚለመድ፣ ግን ቤተሰብ የሚያኖር ሥራ ነው።

ሌላም አለ። የመሬቱ ዕጣ ካልታወቀ ባለቤቱ ክሬን አይገዛም፣ መትከያውን አያድስም። ነገ ለአልሚ በውድ እሸጠዋለሁ ብሎ ይጠብቃል። እንጨቱ ይበሰብሳል። ከዚያ "አያችሁ፣ ወደቡ ሞቷል" ይባላል! አልሞተም፣ ዋጋ እየጠበቁ ነው የገደሉት። ሕጉ መሬቱ ለባሕር ሥራ ብቻ ነው ሲል ግን ተስፋ የተደረገበት ዋጋ ይወርዳል፣ እና ሥራውን የሚሠራው ሰው ኪራዩን መክፈል ይችላል።

ፖርትላንድ ሁሉንም ቆልፋ አልቀረችም። ኋላ ላይ፣ በ2010፣ መትከያዎቹ ላይ ካለው ቦታ ከፊሉ ለሌላ ሥራ እንዲከራይ ፈቀደች፣ ግን ከምድር ቤቱ 55 በመቶው ለባሕር ሥራ እንዲቆይ አድርጋ። ባለንብረቱ ከቢሮና ከምግብ ቤት ኪራይ ያገኝና መትከያውን ያድስበታል ማለት ነው። በ2013 ደግሞ የአይስላንዱ የመርከብ ድርጅት ኢምስኪፕ የሰሜን አሜሪካ ማዕከሉን ወደዚች ትንሽ ከተማ አዞረ። የኮንቴይነር ተርሚናሉ ቦታ ፎቅ ተሠርቶበት ቢሆን ኖሮ የት ያርፍ ነበር?

(ምስል፦ ቀይ የስኳር ፋብሪካ ምልክት፣ ማታ።)

ሁለት የስኳር ፋብሪካዎችም ልንገራችሁ። ሁለቱም ዶሚኖ ይባላሉ። አንዱ ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ ነበር፤ በ2004 ማጣራቱን አቆመ፣ ዛሬ ግቢው አፓርታማ፣ ቢሮና መናፈሻ ነው። ሌላው ባልቲሞር ነው፤ ከ1922 ጀምሮ ጥሬ ስኳር በመርከብ እየተቀበለ እስከ ዛሬ ያጣራል። ባልቲሞር በዚያው በ2004 ጥልቅ ውሃ ያላቸው ቦታዎች ለመርከብና ለፋብሪካ ብቻ እንዲሆኑ ልዩ ክልል አወጣች። የብሩክሊኑ የተዘጋው በመሬት ሕግ ምክንያት ነው እያልኩ አይደለም፣ ድርጅቱ የራሱ ምክንያት ነበረው። መናፈሻውም ያምራል። ግን ከሁለቱ የትኛው ሰፈር ውስጥ ነው ዛሬም ሰው የስኳር ፋብሪካ ደሞዝ ይዞ ቤቱ የሚገባው?

ለንደንም ቴምዝ ወንዝ ላይ እንዲህ የምትጠብቃቸው መትከያዎች አሏት። ምክንያቷ ቀላል ነው። 1,000 ቶን ጠጠር በአንድ ጀልባ ካልገባ፣ 20 ቶን በሚጭን መኪና 50 ምልልስ ይሆናል፣ በከተማው መንገድ ላይ።

(ምስል፦ ባሮ ወንዝ፣ ጋምቤላ።)

ሁሉም ወደብ ግን ይጠበቅ አልልም። የራሳችንን እንይ። ከ1902ቱ የምኒልክና የእንግሊዝ ውል በኋላ ጋምቤላ ላይ፣ ባሮ ዳር፣ እንግሊዞች የሚያስተዳድሩት የንግድ ጣቢያ ተከፈተ። ክረምት ወንዙ ሲሞላ የእንፋሎት ጀልባ ከሱዳን ይመጣል። የኢሉባቦርና የወለጋ ቡና በበቅሎና በሰው ጫንቃ ወርዶ ይጫናል። በ1956 ሱዳን ነፃ ወጣች፣ ጣቢያውም ለኢትዮጵያ ተመለሰ፣ ንግዱ ግን ደከመ። ቡናው በመኪና መንገድ ወደ አዲስ አበባ ዞሯል። ይገርማል፣ በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ አንድ መርከብ 58 ኮንቴይነር ጭኖ ከኒው ጀርሲ ወደ ሂዩስተን ሄደ። ያንን ጉዞ ተከትሎ የመጣው ለውጥ የለንደንን የድሮ ወደቦች ባዶ አስቀራቸው። ሥራው ራሱ መንገድ ሲቀይር ሕግ አያድነውም። የሚያንገበግበው ሥራው በሕይወት እያለ ቦታው ሲነጠቅ ነው።

(ምስል፦ ሂርማታ፣ ሐሙስ ገበያ።)

አሁን ወደ ጅማ። የኛ ውሃ ዳር ውሃ የለውም። የኛ ወደብ መጋዘኑና ገበያው ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሂርማታን ያየ አንድ አጥኚ በበጋ ደህና የገበያ ቀን እስከ 30,000 ሰው ይመጣ እንደነበር ጽፏል። ያኔ ለነበረችው ጅማ ይሄ ትልቅ ቁጥር ነው። ዛሬም ከጎማ፣ ከማና፣ ከሊሙ ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ በጆንያ ይገባል። ይቀሸራል (ገለባው ይወልቃል)፣ ሴቶቹ ተቀምጠው ይለቅማሉ፣ ይመዘናል፣ ይቀመሳል፣ ይጫናል። ዙሪያውን መካኒኩ፣ ጎሚስታው፣ ጆንያ ሰፊው፣ ሻይ የምታፈላው አለች። የጅማ በርጩማ የሚሠሩት እንጨት ሠራተኞችም እንደዚያው ናቸው፤ ደንበኛ ባለበት ነው የሚኖሩት።

አጎቴ በሸክም ነው ልጆቹን ያሳደገው። ይሠራበት የነበረው መጋዘን ተሸጦ የሱቅ ሕንፃ ሆነ። ቅሸራው ከከተማ ወጣ ብሎ ተተከለ። "ሥራው አልጠፋም፣ ራቀ እንጂ" ይላል እሱ። ግን የባጃጁ ሂሳብ ከቀን ገቢው ላይ ስለሚቆረጥ ሦስት ወር ሠርቶ ተወው። ለቃሚዎቹማ ጡት የሚጠባ ልጅ ይዘው ያን ያህል መሄድ አልቻሉም። ሕንፃው ያምራል፣ አልዋሽም። ግማሹ ግን እስካሁን ተከራይ አላገኘም።

መጠበቅ ሲባል እንደ ልብ መበከል ማለት አይደለም። በኛ አካባቢ የቡና ማጠቢያ ፍሳሽ ወንዞቻችንን ሲያጠቁር አይተናል። የሚሠራ ቦታ ይጠበቅ የሚል ሰው ፍሳሹ ይታከም ብሎም መጮህ አለበት፣ ወንዙ ዳር የእግር መንገድና ዛፍ ቢኖርም ደስ ይለኛል። ከተማዋም የምታጣው አለ፤ መጋዘን የሆነ መሬት እንደ ሆቴል የሊዝ ገንዘብ አያስገባም። ያንን በግልጽ አስቀምጦ መመዘን ነው።

ስለዚህ የሰፈራችሁ አዲስ ፕላን ለውይይት ሲቀርብ ሂዱ። ቀለም የተቀባውን ሥዕል አይታችሁ ዝም አትበሉ። ሚዛኑ የት ገባ? መኪናው የት ቆሞ ይጭናል? ለቃሚዎቹ ከቤታቸው ስንት ብር ከፍለው ይደርሳሉ? ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱም በቃለ ጉባኤ ይያዝ። በሚቀጥለው ቪዲዮ ካሜራችንን ይዘን ሐሙስ ገበያ እንገባለን፣ አንድ ጆንያ ጀንፈል ከመኪና ወርዶ እስኪቀሸር በስንት ሰው እጅ እንደሚያልፍ እየተከተልን እንቆጥራለን።