ዘረትን እኛም እንጻፈው

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ መምህራን፣ ተማሪዎች፤ እንኳን በሰላም መጣችሁ።

የካቲት 12ን ሁላችንም እናውቃለን። ስድስት ኪሎ ሐውልት ቆሞለታል፤ በየዓመቱ የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል። የደብረ ሊባኖስ መነኮሳትም ይታወሳሉ፤ ሊታወሱም ይገባል። ስለ ዘረት ሳነሳ ግን ብዙ ሰው «የት ነው ደግሞ እሱ?» ይለኛል። ዛሬ የምናገረው ስለዚያ ነው።

ዘረት ሰሜን ሸዋ ነው፣ መንዝ ውስጥ። ገደሉ ላይ ትልቅ ዋሻ አለ፤ አመፀኛ ዋሻ ይሉታል። በ1931 ዓ.ም. ከአበበ አረጋይ አርበኞች ወገን የሆኑ ሰዎች የጣሊያን ጦር ሲያሳድዳቸው እዚያ ተጠለሉ። ሁሉም ተዋጊ አልነበሩም። ቁስለኛ ነበር፣ አዛውንት ነበር፣ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ።

በዚያ ዓመት ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 1 ቀን ነው። እልቂቱ የደረሰው በእነዚያው የበዓል ቀናት ነው። ጦሩ ዋሻውን ከበበ፤ በተኩስ ማስለቀቅ ሲያቅተው የሰናፍጭ ጋዝ የሚባለውን የመርዝ ጋዝ ለቀቀበት። ይህ ጋዝ ቆዳ ይልጣል፣ ዓይን ያሳውራል፣ ሳንባ ያቆስላል። ሜዳ ላይ እንኳ ከእሱ ማምለጥ ከባድ ነው፤ ዋሻ ውስጥ ያለ ሕፃን ወዴት ይሸሻል? ጥቂቶች በሌሊት ሾልከው አመለጡ። እጃቸውን የሰጡት ወንዶች ተረሸኑ። የሟቾቹ ቁጥር ዛሬም ያከራክራል፤ በመቶዎች እንደሚቆጠሩ ግን ጥርጥር የለውም።

ጣሊያን የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የጄኔቫ ስምምነት ፈርማ ነበር። ያደረገችውንም ለአስርት ዓመታት ካደች። የመከላከያ ሚኒስትሯ ዶሜኒኮ ኮርቾኔ ጋዝ ኢትዮጵያ ውስጥ ጥቅም ላይ መዋሉን ያመኑት በ1988 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ «አየሁ» የሚል የኢትዮጵያ ገበሬ ቃል እንደ ተረት ይቆጠር ነበር። ይህ ያናድደኛል፤ አልደብቅም።

ዘረት ለምን ተረሳ? የካቲት 12 አዲስ አበባ ላይ ሲፈጸም ዲፕሎማቶች አይተዋል፣ ጽፈዋል። መንዝ ገደል ላይ ግን ማን ነበረ? በዚያው ሰሞን ደግሞ ጣሊያን አልባኒያን ወረረች፤ የዓለም ዓይን ወደዚያ ዞረ። በሕይወት የተረፉት ሰዎች አልረሱም። የሚጽፍላቸው ነው ያጡት።

በ1998 ዓ.ም. ማቴዮ ዶሚኒዮኒ የሚባል ጣሊያናዊ የታሪክ ምሁር ከወታደራዊ ሰነድ ተነስቶ ዋሻውን ፈልጎ አገኘ። ቆየት ብሎም ኢትዮጵያዊ ያለበት የአርኪዮሎጂ ቡድን ውስጡን አጠና። የሰው አጽም አለ፣ የጥይት ቀለህ አለ። እኔን የነካኝ ግን የቤት ዕቃው ነው፤ ሸክላው፣ የእህል ማስቀመጫው። በገዳዮቹ ወረቀት ላይ እነዚህ ሰዎች «ሽፍታ» ናቸው። ዕቃቸው ግን ቤታቸውን ጠቅልለው የተሰደዱ ገበሬዎች እንደነበሩ ይመሰክራል። ለሠሩት ምሁራን ምስጋና ይገባል። እኛ ግን ስለ ዘረት በአማርኛ ምን ያህል ጻፍን?

የገዳይ ሰነድ የጦሩን ስም፣ ቀኑንና ቁጥሩን ይነግረናል። የሟቹን አባት ስም አይነግረንም። እሱ ያለው መንዝ ውስጥ፣ ከአያቶቻቸው የሰሙ ሰዎች ዘንድ ነው። እነሱም እያረጁ ነው።

እናንተ ተማሪዎች፣ ልትጽፉ ከተነሳችሁ አደራ፣ ቁጥር አታጋንኑ። አንድ የተጋነነ ቁጥር ለሚክድ ሰው በቂ ሰበብ ነው። ሁለት ሽማግሌዎች የተለያየ ነገር ከነገሯችሁ ሁለቱንም ጻፉ። ማን ነገራችሁ፣ እሱስ ከማን ሰማ? ይህም ይመዝገብ። ስትጨርሱ አንድ ቅጂ ለመንደሩ ስጡ። መጥቶ ጠይቆ፣ ቀድቶ የጠፋ ሰው በዝቷል፤ ሕዝቡም በዚህ ተሰላችቷል።

መምህራን ደግሞ በዘመነ ወረራው ትምህርት ላይ ለዘረት አንድ ክፍለ ጊዜ ስጡት። ልጆቹ ካርታ ላይ ያግኙት።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ የመንዝ ሰው ካለ፣ ከቤተሰቡ ስለ ዋሻው የሰማ ካለ፣ ሳይሄድ ያናግረኝ። ደብተር ይዣለሁ፤ ተማሪዎቼም ይዘዋል። ዛሬውኑ እንጀምር።

አመሰግናለሁ።