ፒኑን ማን ያውቀዋል?

[ምስል፦ ሐዋሳ፣ ፒያሳ። ባጃጆች ይመላለሳሉ]

ሐዋሳ ውስጥ ባጃጅ ተሳፍራችሁ ኪሳችሁ ባዶ ቢሆን ብዙም አትደነግጡም። «በቴሌብር ልላክልህ?» ትላላችሁ። ሾፌሩ ቁጥሩን ይነግራችኋል፤ አለቀ።

ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። ከተሜው ቶሎ ለመደው። ኮርስ ወስዶ አይደለም። ያልገባውን አጠገቡ ያለውን ሰው እየጠየቀ ነው የተማረው።

[ምስል፦ የእንሰትና የቡና ጓሮ፣ የገጠር መንገድ]

አሁን ወደ ሸበዲኖ ገጠር እንውጣ። ልጃቸው ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ አንዲት እናት አሉ እንበል። ልጅቷ ደመወዝ ስትቀበል ትልክላቸዋለች። እሳቸው የያዙት ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። ቴሌብርን በራሳቸው መጠቀም ግን ይቸግራቸዋል።

ብዙ ሰው «ችግሩ ስማርት ስልክ ስለሌላቸው ነው» ይላል። አይደለም! ቴሌብር በዚያው ስልክ *127# ተብሎ ይሠራል። ኢንተርኔትም አይፈልግም።

[ምስል፦ በትንሽ ስክሪን ላይ የምርጫ ዝርዝር]

*127# ሲደወል ዝርዝር ይመጣል። አንብቦ ቁጥር መምረጥ ያስፈልጋል። ከዘገዩ ይዘጋል፤ እንደገና ከመጀመሪያው። ፊደል እየቆጠረ ለሚያነብ ሰው ይሄ ከባድ ነው። ዝርዝሩ በአማርኛ ሆኖ፣ እሳቸው የተማሩት ደግሞ በላቲን ፊደል የሚጻፈውን ሲዳምኛ ከሆነ፣ ጭራሽ አይሆንም። ስለዚህ ስልኩን ለባለሱቁ ይሰጡታል። «ፒንዎ ስንት ነው?» ይላቸዋል። ይናገራሉ። ሱቅ ውስጥ የቆመ ሁሉ ይሰማል።

ለእኔ በከተማና በገጠር መካከል ትልቁ ልዩነት ይሄ ነው። ከተሜው በራሱ እጅ ይጠቀማል፤ ገጠር ያለው ብዙ ሰው በሌላ ሰው እጅ። ባለሱቁ ደግ ሰው ሊሆን ይችላል። ግን ፒኑን ያወቀ ሰው ገንዘቡንም ማዘዝ ይችላል።

አጭበርባሪም የሚገባው በዚሁ ቀዳዳ ነው። መጀመሪያ የቴሌብር የሚመስል መልእክት ይልካል። ከዚያ ይደውልና «እናቴ፣ በስህተት ገንዘብ ልኬልዎት ነው፤ ይመልሱልኝ» ይላል። ትክክለኛው መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው። ከተሜም ይታለላል። እሱ ግን ቀሪ ሂሳቡን ራሱ አይቶ ማጣራት ይችላል።

ገጠሩን አስቦ የተሠራ ነገርም አለ። 8028 የገበሬዎች የነፃ ስልክ መስመር በ2006 ዓ.ም. ሲጀመር የግብርና ምክርን በድምፅ እንዲያሰማ ተደርጎ ነው። ማንበብ አይጠይቅም። የገንዘብ አገልግሎቱም እንዲህ ቢሆን ምን ነበረበት?

[ምስል፦ የእናት ጣቶች ቁልፍ ሲጫኑ]

ለፊቼ ጨምበላላ ወይም ለሌላ በዓል አገር ቤት ስትገቡ ይህን አድርጉ። ስልኩን ከእጃቸው አትቀበሉ። «ቆይ እኔ ላድርግልዎት» አትበሉ፤ እሳቸው ይጫኑት። ፊደል የማያነብ ነጋዴም ቁጥር ያውቃል። ስለዚህ ቀሪ ሂሳብ ለማየት የሚጫኑትን ቁጥሮች በተርታ ወረቀት ላይ ጻፉላቸው። ያን እስኪለምዱ ሌላ ነገር አትጨምሩ።

ቀጥሎ ፒኑን ይቀይሩ። የልደት ዓመት አይሁን፣ 123456ም አይሁን። ሲያስገቡ እናንተም ፊታችሁን አዙሩ። በመጨረሻ 5 ብር ለእናንተ ይላኩ። ቢሳሳቱ የሚጠፋው 5 ብር ነው፤ ደግመው ይሞክሩታል።