ጨረቃዋ ዘገየች

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ልጄ ገና መተኛቷ ስለሆነ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የማወራው። ዛሬ የማጫውታችሁ ስላሳለፍኩት ሳምንት ነው። አንድ ምዕራፍ ልጨርስበት ያሰብኩት ሳምንት ነበር። ምዕራፉ አላለቀም፤ እኔ ግን ደስ ብሎኛል።

ምዕራፉ እንዲህ ነው የሚጀምረው፦ አንዲት ሴት በእኩለ ሌሊት ቤቷን ጥላ ትወጣለች። በሩን ኮሽ ሳታደርግ ትዘጋና ቀና ስትል፣ ሙሉ ጨረቃ ከኮረብታው ጀርባ ብቅ ስትል ታያለች። ይህችን አንቀጽ በጣም እወዳት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አልነካሁባትም። ግን ሴትየዋ እዚያው ደጃፉ ላይ ቆማ ቀረች፤ አንድ እርምጃ እንኳ ላራምዳት አልቻልኩም። ሰኞም ቀኑን ሙሉ ስታገል ውዬ ባዶ እጄን ተነሣሁ።

ማታ ልጄ መስኮት ላይ ሆና ጠራችኝ። ሰባት ዓመቷ ነው። «አባዬ ና! ጨረቃ ዛሬ ትልቅ ሆናለች!» እውነትም ፀሐይ ከመጥለቋ፣ በወዲያኛው ማዶ ሙሉ ጨረቃ ወጥታለች፤ ቀላ ያለች፣ ቤቶቹን የምታክል። «ክንድሽን ዘርጊና በትንሿ ጣትሽ ሸፍኛት» አልኳት። አንድ ዓይኗን ጨፍና ጣቷን ዘረጋች። ጨረቃዋ ጠፋች። ከመተኛቷ በፊት፣ ጨረቃዋ ከፍ ብላ ትንሽ መስላ ስትታይ፣ እንደገና ለካናት። አሁንም ያችው ጣት ሸፈነቻት፤ እንዲያውም ከግራ ከቀኝ ቦታ ተረፈ። ለካ ጨረቃ አድማስ ላይ ስትሆን የምትተልቀው ለዓይናችን ብቻ ነው። እኔ ይህን አንብቤ አውቀዋለሁ፤ በጣቴ ለክቼ ግን አላውቅም ነበር።

ማክሰኞ በዚያው ሰዓት መስኮቱ ጋ ቆማ ጠበቀች። ጨረቃ የለችም። አንድ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ብቅ አለች። ረቡዕ ደግሞ ከዚያም ዘገየች፤ ልጄም ተከፋች። «ለምንድነው የምታስጠብቀን?» አለችኝ፣ ቀጠሮ እንዳፈረሰባት ሰው።

ሳሎን መሃል አቆምኳት። «አንቺ ምድር ነሽ፤ እዚያው ቆመሽ ዙሪ። እኔ ጨረቃ ነኝ» ብዬ እሷ በምትዞርበት አቅጣጫ በዙሪያዋ ቀስ እያልኩ መራመድ ጀመርኩ። አንድ ሙሉ ዙር ዞራ መጀመሪያ ወዳየችኝ ቦታ ብትመለስ እኔ እዚያ የለሁም፤ አንድ እርምጃ አልፌያለሁ። እኔን ፊት ለፊት ለማግኘት ትንሽ መጨመር ነበረባት። «አሃ!» አለች። «ስለሄድክብኝ ነዋ!» በቃ፣ ይኸው ነው። ጨረቃ ከፀሐይ አንጻር ሲታይ በቀን ወደ 12 ዲግሪ ትራመዳለች። ምድር ያንን ዞራ እስክትደርስባት በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል ይፈጅባታል። ከሙሉ ጨረቃ እስከ ሙሉ ጨረቃ 29 ቀን ተኩል ነው፤ በየቀኑ ስትዘገይ ስትዘገይ ዙሩን ሞልታ ትመለሳለች።

እሷን አስተኝቼ ወደ ጠረጴዛዬ ሄድኩ። ያችን አንቀጽ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ ሳነባት፣ ክው አልኩ። ሙሉ ጨረቃ ሙሉ የምትሆነው ከፀሐይ ትይዩ ስትቆም ነው። ስለዚህ ፀሐይ ስትጠልቅ ትወጣለች። ሰኞ በዓይኔ አይቼዋለሁ! በእኩለ ሌሊት ከኮረብታ ጀርባ ብቅ ልትል አትችልም፤ በዚያ ሰዓት ሰማዩ ላይ ከፍ የምትለውን ያህል ከፍ ብላለች። በእኩለ ሌሊት ገደማ የምትወጣው ከሙሉ ጨረቃ ሳምንት ቆይታ የምትመጣው ግማሽ ጨረቃ ናት። ሁለት ዓመት የወደድኳት አንቀጽ ስህተት ነበረች።

ሐሙስ አልጻፍኩም። ልጄ ስትነቀነቅ የሰነበተችው የፊት ጥርሷ ወለቀች። መዳፌ ላይ አስቀመጠቻትና አብረን አየናት። ከላይ ነጭና ለስላሳ ናት። ስንገለብጣት ግን ውስጧ ክፍት ነው፤ ጠርዟ ሸካራ ሆኖ አንዲት ቀይ ነጥብ አለችበት። «ሥሯ የት ሄደ?» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የወተት ጥርስ ሥር ነበረው፤ አዲሱ ጥርስ ከታች እየገፋ ሲመጣ ሥሩ ቀስ በቀስ እየሟሟ ያልቃል። የወለቀችው የቀረችው ቆብ ናት። 20ዎቹም የወተት ጥርሶች በየተራቸው እንዲሁ ይሆናሉ። ምላሷን ክፍተቱ ውስጥ አስገብታ ብዙ ቆየች። «አዲሱ ይነካኛል» አለችኝ። አዎ እናቴ፣ ይነካሻል።

ዓርብ ያችን ዓረፍተ ነገር አወጣኋት። ሳትታገለኝ ወጣች። ጨረቃዋን ከኮረብታው አንሥቼ ከሴትየዋ አናት በላይ ሰቀልኳት። ከዚያ ሌላው ሁሉ ተከተለ። ጨረቃ ከላይ ስትሆን ጥላ ያጥራል፤ የሴትየዋ ጥላ እግሯ ሥር ተሰበሰበ። መንገዱ ቁልጭ ብሎ ታየ። ደጃፉም እንዲሁ። መደበቂያ አጣች፣ ስለዚህ ቆማ መቆየት አልቻለችም። ተራመደች! አጥሩን አለፈች፣ ዳገቱን ጀመረች። አንድ ገጽ ተኩል ሳላቋርጥ ጻፍኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ልጄ እየሮጠች መጥታ ቀሰቀሰችኝ። «አባዬ፣ ጨረቃ አልገባችም!» በረንዳ ላይ ወጣን። ፀሐይ ወጥታለች፤ ጨረቃ ደግሞ በምዕራብ በኩል ሰማያዊው ላይ ቁጭ ብላለች፤ ከአንድ ጎኗ ጎደል ያለች፣ እንደ ጭስ የሳሳች። ዘግይታ ስለምትወጣ ዘግይታ ነው የምትገባው። ልጄ ጣቷን ዘርግታ ሸፈነቻት፣ ገለጠቻት።

እዚያው ቆመን የዓርቡን ገጽ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ስጨርስ ስለ ጨረቃዋ ትጠይቀኛለች ብዬ ነበር።

«ሴትየዋ ብቻዋን ናት?» አለችኝ።

«ብቻዋን ናት።»

«ግን እኮ ስትሄድ ጨረቃም አብራት ትሄዳለች። እኔ ስሄድ ትከተለኛለች።»

ጨረቃ ከእኛ በአማካይ 384,000 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ ብንራመድ ባንራመድ እዚያው ቦታ ላይ የምትታየን ለዚህ ነው። ይህን ልነግራት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ወረቀቱን በረንዳው ላይ አስደግፌ፣ ልጄ ያለችውን እንዳለ ጻፍኩት።