የውሻና የድመት የደም ግፊት እንዴት ይለካል?

[ምስል፦ ደሴ፣ ረፋድ ላይ። ባጃጅ ውስጥ ካርቶን የታቀፈች ሴት።]

ካርቶኑ ውስጥ ድመት አለች። ከሙጋድ ጀምሮ ስትናጥ ነው የመጣችው። የክሊኒኩ በር ላይ ደግሞ የታሰረ ውሻ ጮኸባት። አሁኑኑ ግፊቷን ብንለካ የምናገኘው የድንጋጤዋን ቁጥር ነው። ሰውም እኮ ነጭ ጋዋን ሲያይ ግፊቱ ከፍ ይላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ምንም አንለካም። ፀጥ ያለ ክፍል ውስጥ፣ ባለቤቷ አጠገቧ ሆና፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ እንጠብቃለን። ሐኪሙ ወሎዬ ከሆነማ «አብሽሪ» ይላታል።

[ምስል፦ የፊት እግር በቅርበት።]

እግሯ ላይ የሚታሰረው ጨርቅ ወርዱ ከእግሯ ዙሪያ ከ30 እስከ 40 በመቶ መሆን አለበት። ዙሪያው 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ጨርቁ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ከጠበበ ቁጥሩን ያለልክ ከፍ ያደርገዋል፤ ከሰፋ ያወርደዋል። የአባባን መለኪያ ውሻችሁ ላይ ልትሞክሩ ያሰባችሁ፣ ይቅርባችሁ።

ከመዳፏ በላይ ፀጉሯ ትንሽ ይላጫል፣ ጄል ይቀባል፣ የዶፕለሩ (የደምን ፍሰት በድምፅ የሚያሰማው መሣሪያ) መስሚያ ይቀመጣል። ሹፍ፣ ሹፍ፣ ሹፍ... የደሟ ድምፅ ነው። ጨርቁ ሲነፋ ድምፁ ይጠፋል። አየሩ ቀስ ብሎ ሲለቀቅ፣ ድምፁ ተመልሶ የተሰማበት ቁጥር የላይኛው ግፊት ነው። ጨርቁ የታሰረበት ቦታ ከልቧ ትይዩ ይሁን።

የመጀመሪያው ቁጥር ይጣላል። ከዚያ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ተለክቶ አማካዩ ይያዛል። የጊቢ ውሻ ሲሆን አፉን ማሰር ሊያስፈልግ ይችላል። እየታገለ የተለካ ውሻ ቁጥር ግን፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ባይጻፍ ይሻላል።

[ምስል፦ 140፣ 160፣ 180።]

ከ140 በታች ደህና ነው። 160 እና ከዚያ በላይ ግፊት ይባላል። 180 ሲደርስ አደገኛ ነው። ዓይን ወይም ሌላ አካል ካልተጎዳ፣ በአንድ ቀን ልኬት ብቻ መድኃኒት አይጀመርም።

ድመት ላይ ግፊት ብዙውን ጊዜ ከኩላሊት ወይም ከእንቅርት ዕጢ ሕመም ጋር ይመጣል። በዕድሜ የገፋች ድመት ድንገት ረከቦቱን እየገጨች ካለፈች፣ ፀሐይ ላይም የዓይኗ ብሌን ሰፍቶ ከቀረ፣ የዓይኗ የውስጥ ሽፋን ተላቆ ሊሆን ይችላል። ነገ አትበሉ፣ በዚያው ቀን ውሰዷት።

በወሎ የእንስሳት ክሊኒክ ሥራው በአብዛኛው ከብትና በግ ስለሆነ፣ መለኪያው መኖሩን ቀድማችሁ ደውሉና ጠይቁ። ለድመት የሚታዘዘው አምሎዲፒን ሰዎችም የሚወስዱት ነው። ይህን ሰምታችሁ ግን ከእማማ ኪኒን ቆርሳችሁ እንዳትሰጧት፤ መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው።