ኮዳክ ሳያይ ቀርቶ አይደለም

ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ስለ አሜሪካው የፎቶ ፊልም አምራች ስለ ኮዳክ እናገራለሁ፤ በዚህ ኩባንያ ላይ የሚሰጠው ፍርድ ዘወትር ያንገበግበኛል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩን ሳትሰሙት አልቀራችሁም። በ1975 ስቲቭ ሳሶን የተባለ ወጣት የኮዳክ መሐንዲስ ዲጂታል ካሜራ ሠራ። አንዲት ጥቁርና ነጭ ምስል ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅ ነበር። አለቆቹ ብዙም አልጓጉለትም። በ2012 ኩባንያው ከአበዳሪዎቹ የሚጠብቀውን የኪሳራ ከለላ ከፍርድ ቤት ጠየቀ፤ ከዚያ ወዲህ ስሙ ዓይኑን ለጨፈነ ነጋዴ ሁሉ መቀጣጫ ሆነ።

እኔ ይህን አልቀበልም። ኮዳክ በ1991 የኒኮን ካሜራ ላይ የራሱን መሣሪያ ገጥሞ ለፎቶ ጋዜጠኞች ዲጂታል ካሜራ ሸጧል። በ2005 በአሜሪካ የዲጂታል ካሜራ ሽያጭ ቀዳሚው እሱ ነበር። ታዲያ ምን ጣለው? ትርፉ ያለው ከካሜራው ላይ አልነበረማ! ካሜራ አንዴ ይገዛል፤ ፊልሙ፣ ማጠቢያ ኬሚካሉና ማተሚያ ወረቀቱ ግን ፎቶ በተነሣ ቁጥር ያልቃሉ። በየከተማችን የነበሩትን ፎቶ ቤቶች አስቡ። 36 ፎቶ የሚያነሣው ፊልም ከልደት እስከ ሠርግ በቁጠባ ተነሥቶ ያልቃል፤ ከዚያ ይታጠባል፣ ይታተማል፤ ዘመድ ሲያየው ደግሞ ለእኔም ይታተምልኝ ይላል። በእያንዳንዱ እርምጃ ፊልም ሠሪው ድርሻ ነበረው። ዲጂታሉ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አስቀረ። የቱንም ያህል ብልህ ሥራ አስኪያጅ ቢሾም፣ ያን ገቢ ዲጂታል ካሜራ በመሸጥ አይተካውም ነበር።

የጃፓኑ ፊልም አምራች ፉጂፊልምስ ተርፎ የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ተርፏል፤ ያዳነው ግን ፊልም አይደለም። ፊልም ሲሠራ የፊልሙ ጄላቲን ስለሚገኝበት ፕሮቲን፣ ስለ ኮላጅን፣ ያካበተውን እውቀት ለቆዳ መዋቢያ አዋለ፣ ወደ መድኃኒትም ገባ። የሠርግ ፎቶ አንሺዎች የሚሳሱለትን ፕሮ 400ኤች ፊልም ግን ጥሬ ዕቃው አልገኝ ብሎኛል ሲል በ2021 ማምረቱን ማቆሙን አስታወቀ። ኩባንያው በመዳኑ ደስ ይበለን፤ ፊልም ወዳዱ ግን ያተረፈው ነገር የለም።

የፊልም ካሜራዎቹም አንድ በአንድ ሄዱ። ኒኮን በ2006 አብዛኞቹን የፊልም ካሜራዎቹን አቆመ፤ ካኖን የመጨረሻውን በ2018 ከሽያጭ አወጣ። ይህ ያን ያህል አያስጨንቀኝም። አሮጌ ካሜራ ከሌላው ዕቃ እየተወሰደለት ይጠገናል፤ በ2024 ደግሞ ፔንታክስ አዲስ የፊልም ካሜራ አውጥቷል። ፊልሙ ላይ አንድ ፎቶ የሚያርፍበትን ቦታ ለሁለት ስለሚከፍል ከባለ 36 ፊልም 72 ፎቶ ይወጣል፤ የፊልም ዋጋ ለናረበት ዘመን በሚገባ የታሰበ ነው።

የሚያስጨንቀኝ ፊልሙ ነው። ብርሃን ሲነካው የሚለወጥ የብር ማዕድን ውሁድ ያዘለውን ጄላቲን በድቅድቅ ጨለማ ውስጥ በስሱ፣ ንብርብር በንብርብር የሚቀቡ ፋብሪካዎች በዓለም ላይ ጥቂት ናቸው፤ እንደ ካሜራ ጠጋኝ በየሰፈሩ አይገኙም። ከጥቂቶቹ አንዱ አሜሪካ፣ ሮቼስተር ከተማ ያለው የኮዳክ ፋብሪካ ነው። ይኸው ፋብሪካ በ2024 መገባደጃ ሥራውን ለጊዜው አቁሞ ነበር። ምክንያቱ ኪሳራ እንዳይመስላችሁ፤ የፊልም ፈላጊው ቁጥር ስለጨመረ ማሽኖቹን ለማሻሻል ነው። ከፔንታክሱ ካሜራ ይልቅ ይህ ዜና አስደስቶኛል።