ደጃፍና በር አንድ ናቸው? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከደብረ ብርሃን የደወሉ እናት፦ ልጄን «ደጃፉን ጥረግ» ብዬው በሩን በጨርቅ ወልውሎልኝ መጣ። ለመሆኑ ደጃፍ ምንድን ነው? ቃሉስ ከየት መጣ?

መልስ፦ እናቴ፣ ታዞ መነሳቱም አንድ ነገር ነው! ደጃፍ «ደጅ» እና «አፍ» ተጋጥመው የሠሩት ቃል ነው። አፍ እዚህ ላይ መግቢያ መውጫ ነው፤ የጉድጓድ አፍ፣ የጆንያ አፍ እንደምንለው።

ደጅ ሰፊ ነው። «ደጅ አደረ» ስንል ውጭ አደረ ማለታችን ነው። አገር ቤት «ደጅ ልውጣ» ያለን ሰው ደግሞ የት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ደጃፍ ግን ከደጅ ተቆርሳ ቤቱን የምትነካዋ ቦታ ናት። ዱካ አውጥተው ፀሐይ የሚሞቁባት፣ እህል የሚያበጥሩባት። እሷን ነበር ልጅዎ መጥረግ የነበረበት።

በር የሚያሳልፈው ክፍተት ነው። የሚዘጋው ሳንቃ ስሙ መዝጊያ ነበር፤ ዛሬ ከተማ ውስጥ ሁሉንም «በር» ብለን ጠቅልለነዋል። ከእርስዎ ብዙም የማይርቀውን ጣርማ በርን ይዩት። መዝጊያ የለው፣ ቁልፍ የለው። ተራራውን አሳልፎ ወደ ደብረ ሲና ስለሚያወርድ ነው በር የተባለው። ሐረሪዎችም የከተማቸውን ግንብ የጁገልን በሮች «በሪ» ነው የሚሏቸው።

ከጅማ የደወለ ወጣት፦ ታዲያ ደጃዝማች የበር ዘበኛ ነበር ማለት ነው?

መልስ፦ ዘበኛስ አይደለም፣ የጦር አለቃ ነው። ደጅ አዝማች ነው ቃሉ፤ ልክ እንደ ደጃፍ ተጋጥሞ ደጃዝማች ሆነ። አዝማች ጦር የሚመራ ነው፣ ደጁ ደግሞ የንጉሡ ደጅ ነው። ቀኝ አዝማች በቀኝ፣ ግራ አዝማች በግራ፣ ፊት አውራሪ ከፊት። የሹመቶቹ ስም የጦር ሰፈሩን አቀማመጥ ይነግርሃል። ሕዝቡ ይሄም ረዝሞበት «ደጃች» ብሎ አሳጠረው፤ አዲስ አበባ ያለውን ደጃች ውቤ ሰፈርን አስብ።

«ደጅ መጥናት»ም ከዚያው ግቢ የወጣ ነው። ባለጉዳይ ሹመት ወይም ፍርድ ፈልጎ የጌታ ደጅ ላይ ወራት ይቀመጥ ነበር። አሁን ደጁ የቢሮ ኮሪደር ሆኗል፣ ጥናቱ ግን እንዳለ ነው።

በጽሑፍ የደረሰን፦ መድረክ የበር ክፍል ነው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ። ሲገቡ የሚረገጠው የበሩ ታችኛው ክፍል መድረክ ነው። በሁለቱ ጎን የሚቆሙት መቃን፣ ከላይ የሚጋደመው ጉበን ይባላሉ። ዘፋኝ የሚወጣበት መድረክ በኋላ የመጣ ትርጉም ነው። ከተነሳ አይቀር፣ ሕግ ላይ የምናየው «አንቀጽ»ም በግእዝ በር ማለት ነው። የሕግ ሰዎች ቀኑን ሙሉ በር ሲጠቅሱ ይውላሉ ማለት ነው።